በመጨረሻው ዙር የፈነዳው ጎማ

ጣሊያናዊው የመኪና ተወዳዳሪ ታዚዮ ኑቮላሪ እ.ኤ.አ. በ1892 በማንቶቫ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። መጀመሪያ በሞተር ብስክሌት፣ ኋላም በመኪና እየተወዳደረ ስሙ ገነነ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች የውድድር ሞተር ሙቀቱን እንዲችል የጉሎ ዘይት ያደርጉለት ነበር። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፤ መቼ እንደሚቀየር ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

በ1935 ናዚዎች በሚገዟት ጀርመን፣ ኑርቡርግሪንግ ላይ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ውድድር ተደረገ። የኑቮላሪ አልፋ ሮሜዮ ከጀርመኖቹ መኪኖች ጉልበቱ ያነሰ ነበር። ነዳጅ ሊሞላና ጎማ ሊቀይር ሲቆም ፓምፑ ተበላሸ። ነዳጁ በእጅ እስኪሞላ ከሁለት ደቂቃ በላይ ጠፋና ወደ 6ኛ ወረደ። እሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ አንድ በአንድ እያለፈ 2ኛ ደረሰ።

ከፊቱ የቀረው በመርሴዲስ የሚመራው ፎን ብራውኺች ብቻ ነበር። ብራውኺች ጎማው እያለቀ ሳለ ዳግመኛ ለመቀየር አልቆመም። በመጨረሻው ዙር የኋላ ጎማው ፈነዳ። ኑቮላሪ አልፎት አሸነፈ፤ ብራውኺች በቸርኬው እየተንፏቀቀ 5ኛ ወጣ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ኑቮላሪ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ በለጋ እድሜያቸው ታመው ሞተውበታል። እሱም በ1953 ማንቶቫ ውስጥ አረፈ።