ከአንኮበር እስከ ሞምባሳ፦ የቄስ ክራፕፍና የባለቤታቸው የወይዘሮ ሮዚና ሕይወት

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ማኅበራችን አመሠራረትና ስለ አባሎቻችን ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ከእኛ ብዙ ዘመን ቀድመው ከኢትዮጵያ ወደዚህ ወደ ኬንያ ምድር ስለ መጡ አንድ ባልና ሚስት ለመጻፍ ወደድን። ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። ይሁን እንጂ ባልየው አማርኛ አውቀው በአንኮበር ቤተ መንግሥት ይገቡና ይወጡ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጃቸውም የአማርኛ ስም ተሰጥቷት በምጽዋ አጠገብ ተቀብራለች። ለእረፍት ወደ ሞምባሳ የሚወርዱ ቤተሰቦቻችን በኒያሊ በኩል ሲያልፉ መታሰቢያቸውን ያዩታል፤ ልጆች የማን እንደ ሆነ ቢጠይቁ ለመልሱ ትንሽ ይረዳ እንደ ሆነ ብለን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዮሃን ሉድቪግ ክራፕፍ ጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው ዴሬንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ጎረቤት ባላጠፉት ጥፋት ክፉኛ ደብድቧቸው ለወራት አልጋ ላይ ዋሉ። መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቀው ማንበብ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ገብተው የአፍሪካን ካርታ ሲያዩ ደግሞ በአዳልና በሶማሌ በኩል ያለው ስፍራ ምንም ስም ያልተጻፈበት መሆኑ ገረማቸው፤ የጄምስ ብሩስን የኢትዮጵያ ጉዞም አነበቡ። በ1827 ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል ወደሚገኘው የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ገቡ።

እዚያ ግን አልጸኑም። ስለ ነፍስ ጥልቅ ነገር የሚናገሩ የምሥጢራውያን መጻሕፍት እያነበቡ፣ ልባቸውን በየቀኑ እየመረመሩ፣ በራሳቸው ትግል ንጹሕ ለመሆን ሲጥሩ ጭራሹን ተስፋ ቆረጡ። ለወንጌል ሥራ የምበቃ አይደለሁም ብለው ትምህርት ቤቱን ትተው ወጡ። ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኛ ግን የኋላው ታሪካቸው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። ራሱን ሲመዝን የሚውል ሰው መቼም ሚዛኑ ሞልቶለት አያውቅምና። በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት አጥንተው በ1834 ጨረሱ፤ ጥቂት ጊዜም በገጠር ቤተ ክርስቲያን ረዳት ቄስ ሆነው አገለገሉ። በኋላ አንድ ሚስዮናዊ ወዳጃቸው አበረታቷቸው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ስር ለኢትዮጵያ ተመደቡና በ1837 መጀመሪያ ከአገራቸው ወጡ።

ዓድዋ የደረሱት በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ሦስት ወር ያህል እንደ ቆዩ ከባልደረቦቻቸው ከኢዘንበርግና ከብሉምሃርት ጋር ከትግራይ ተባረሩ። ቄስ ክራፕፍ መንገድ ቀየሩና በ1839 ከኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ዘለቁ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደህና ተቀበሏቸው። ንጉሡ ይበልጥ የፈለጉት የእጅ ባለሙያና የጦር መሣሪያ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ ክራፕፍ እስከ 1842 በሸዋ ተቀመጡ፣ የግዕዝ ብራናዎች ሰበሰቡ፣ ኦሮምኛ ተማሩ፣ ወንጌልንም ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የጻፉት ብዙው የችኮላ ፍርድ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። ልፋታቸው ግን ልፋት ነው።

በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ወደ ሸዋ መጣ። ክራፕፍ አስተርጓሚም አማካሪም ሆነው ረዱት፤ የንግድና የወዳጅነት ውሉም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተፈረመ። የእንግሊዝ ድጋፍ ለሥራቸው በሩን ያሰፋዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ውሎ አድሮ የፈረንጅ ወዳጅነት በሸዋ ጥርጣሬን አመጣ፤ የተመኩበት ክንድ በሩን የሚዘጋባቸው ሆነ።

በዚህ መካከል ክራፕፍ ስለ ትዳር ማሰብ ጀምረው ነበር። ያላገባ ሚስዮናዊ በኢትዮጵያ እንደማይሳካለት በኑሮ አይቻለሁ ብለው አመኑ። የታጨችላቸው የባዝሏ ሮዚና ዲትሪክ ነበረች። ከዚያ ቀደም ለሌላ ሚስዮናዊ ታጭታ እሱ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በመንገድ ሞቶባት ነበር። ሙሽራው አንኮበር፣ ሙሽሪት ባዝል፤ በመካከላቸው በረሃና ሁለት ባሕር። የእኛ አያቶችም ከሠርጋቸው ቀን በፊት ሳይተያዩ ተጋብተው ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋልና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በማርች 1842 ክራፕፍ ሙሽራቸውን ሊቀበሉ ከሸዋ ተነሡ። በወሎ ሲያልፉ አደራ ቢሌ የሚባለው የአገሩ ባላባት አሠራቸው፤ ያላቸውንም ሁሉ ገፎ ለቀቃቸው። በሰው ምጽዋት እየኖሩ ምጽዋ ደረሱ። ከንጉሥ ቤት በቅሎና ስንቅ ይዞ የወጣው ሙሽራ ባዶ እጁን ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ግብፅ ውስጥ በእስክንድርያ ተጋቡ።

ትዳሩ ሁለት ዓመት አልሞላም። ወዲያው በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ለመመለስ ሞከሩ፤ መንገዱ ተዘጋባቸው። በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ተነሡ። ከምጽዋ ወጥተው በሳሆዎች አገር በምድረ በዳ ሲጓዙ ወይዘሮ ሮዚና ያለ ጊዜያቸው ሴት ልጅ ወለዱ። አባቷ አጠመቋት፤ ስሟንም በአማርኛ ዕንባ አሏት። ጥቂት ሰዓት ብቻ ኖራ ሞተች፤ ከመንገዱ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯት። መንገድ መሪዎቹ ከዚያ በላይ ለመጠበቅ ስላልፈቀዱ፣ ለማረፊያ የሚሆን መንደርም በአቅራቢያው ስላልነበረ፣ እናቲቱ በወለዱ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው መንገድ ቀጠሉ። ትግራይም አላስገባቸውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እንወዳለን። በባዕድ አገር ያለን ቤተሰቦች የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አገር ቤት ለቀሩት የሚላክ ገንዘብ እያልን እንሮጣለን። ባልም ሚስትም ቤቱን ያቆምሁት እኔ ነኝ ማለት ይጀምራሉ፤ ጉልበት ያለቀ ቀን ደግሞ ማን የበለጠ ደከመ ወደሚል ሒሳብ ይገባሉ። ሽማግሌ ሆነን ከምናስታርቃቸው ጥንዶች ስንቶቹ ናቸው ይህን ሒሳብ ይዘው የሚመጡት! ክራፕፍና ሮዚና ሒሳብ ቢተሳሰቡ ኖሮ ከዚያች ዛፍ ሥር ባልተነሡ ነበር። እሳቸው ለሥራዬ ይበጃል ብለው አገቡ፤ ሥራው ተዘጋ። እሷ ሁለተኛ ተስፋ አድርጋ ባሕር ተሻገረች፤ ልጇን በበረሃ ቀበረች። ከሁለቱ አንዳቸውም ለሌላው የሚሰጡት ኃይል አልነበራቸውም። የቀራቸው ሁለቱም በአንድ አምላክ ላይ መደገፍ ነበር፤ ትዳራቸውም በዚያ ቆመ።

ክራፕፍ ከሰሜን ያልተከፈተላቸውን የኦሮሞን አገር ከደቡብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በኩል ለመድረስ አሰቡ። ወደ ሞምባሳ ያመጣቸው ይህ ነው፤ ኬንያ የመጡት ኢትዮጵያን በጓሮ በር ለመግባት ነበር ማለት ይቻላል። በኖቬምበር 1843 ከኤደን በጀልባ ተነሥተው፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ ውኃ ገብቶባት ከመስጠም ተርፈው፣ በሌላ ተሳፍረው በጃንዋሪ 1844 ዛንዚባር ደረሱ። ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ እስላም ሲሆኑ ለክራፕፍ መልካምነት የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ባልና ሚስቱ በሜይ ሞምባሳ ገቡ። በጁን ወር ክራፕፍ በሞምባሳው ቃዲ እርዳታ ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀመሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ውል ያልከፈተውን በር የሁለት እስላሞች ቸርነት ከፈተው።

ጁላይ 6 ቀን ወይዘሮ ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ንዳድ ያዛቸው፤ ክራፕፍም በዚያው ንዳድ ከጎናቸው ወድቀው ነበር። ወይዘሮዋ እንደማይተርፉ ሲያውቁ አንድ ነገር ለመኑ፦ በደሴቲቱ ሳይሆን በየብሱ በኩል፣ የአገሩ ሰው በሚያልፍበት መንገድ እንዲቀበሩ፤ መቃብራቸው ለምን ወደዚያ እንደ መጡ ለአላፊው ያሳስብ ዘንድ። ጁላይ 13 ቀን አረፉ። ባልየው መሞታቸውን ለማረጋገጥ እንኳ ቀና ማለት የቻሉት በብዙ ጭንቅ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሕፃኗም ሞተች። እናትና ልጅ ከሞምባሳ ማዶ በየብሱ ላይ ተቀበሩ።

ሚስት ከሌለ ሥራው አይሳካም ብለው ያገቡ ሰው ሚስታቸውንም ልጆቻቸውንም ቀበሩ። ከዚህ በኋላ ወደ አገሬ መልሱኝ ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ለንደን ላለው ማኅበር በጻፉት ደብዳቤ ግን መቃብሩን የሥራው መጀመሪያ ምልክት አድርገው ቆጠሩትና ሌሎች ሠራተኞች እንዲላኩ ጠየቁ። በባዝል ለዚህ ሥራ አልበቃም ብሎ የወጣው ወጣትና ይህ ሰው አንድ ናቸው። ልዩነቱ ይመስለናል፣ ወጣቱ የራሱን ብቃት ይፈልግ ነበር፤ ባል የሞተባት ሚስት እንደምትሆን ሚስት የሞተችበት ይህ ሰው ግን ብቃት የሚባለውን ፍለጋ ትቶታል።

ሁለት ዓመት ያህል ብቻቸውን ቆዩ። በጁን 1846 ዮሃንስ ሬብማን ከጀርመን መጣላቸው፤ በኦገስት ሁለቱ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በኮረብታ ላይ ባለው ራባይ ጣቢያቸውን ሊከፍቱ ተነሡ። በዚያን ቀን ሁለቱም ንዳድ ነበረባቸው፤ አህያዋ ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች። ክራፕፍ በኋላ ይህን ሲያስታውሱ ሥራው እንዲህ በደካሞች መጀመሩ ማንም በጉልበቱ እንዳይመካ ነው ብለው ጽፈዋል። በብዙ ዓመት ድካም የመጀመሪያው አማኝ ምሪንጌ የሚባል አካለ ስንኩል ድሃ ነበር፤ ተጠምቆ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በቁጥር ለሚቆጥር ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

ጉዞዎቻቸውን ባጭሩ እንለፋቸው፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይነግሩናልና። ሬብማን በሜይ 1848 ኪሊማንጃሮን አየ፤ ክራፕፍ ዲሴምበር 3 ቀን 1849 ከኪቱይ በኩል የኬንያን ተራራ አዩ። በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ ማለታቸው በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ አስቋቸዋል። በ1851 ከካምባው አለቃ ከኪቮይ ጋር ወደ ጣና ወንዝ ሲሄዱ ወንበዴዎች ኪቮይን ገደሉት፤ ክራፕፍ ብቻቸውን በምድረ በዳ ሸሹ። ውኃ መያዣ ስላልነበራቸው በጠመንጃቸው አፈሙዝ ሞልተው ተጓዙ፤ ቅጠልና ጉንዳን በሉ። በ1853 ጤናቸው ተሰብሮ ወደ አውሮፓ ተመለሱ።

በቩርተምበርግ ኮርንታል በምትባል የምእመናን መንደር ተቀመጡ። በ1856 ሻርሎተ ፔላርጉስን አገቡ፤ በ1868 እሳቸውም ስለ ሞቱባቸው በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ትዳር መሠረቱ። ሁለት ጊዜ ሐዘን የተቀመጠ ሰው እንደ ገና ማግባቱ አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። እኛ የምናየው በትዳር ላይ ያላቸው ተስፋ በራሳቸው ዕድል ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን ነው።

ኢትዮጵያንም አልረሱም። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855 ወደ አገራችን ተጉዘዋል፤ በ1867 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በአስተርጓሚነት አብረው ወጥተው ታመው ተመልሰዋል። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትን አዲስ ኪዳን በ1876 አሳተሙ፤ በአቡ ሩሚ የተተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታርሞ እንደ ገና እንዲታተምም ደከሙ። እዚያ በአካል ያልከፈተላቸው በር በወረቀት ተከፈተላቸው።

ኖቬምበር 26 ቀን 1881 በኮርንታል ቤታቸው ከአልጋቸው አጠገብ ለጸሎት እንደ ተንበረከኩ ሞተው ተገኙ። በሞምባሳና በራባይ የጀመሩት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ውስጥ ታተመ። የወይዘሮ ሮዚናና የሕፃኗ መቃብር በኒያሊ አለ፤ ቤተሰቦቻችን ራባይ ቢወጡም በቀድሞው ጣቢያ ያለውን ሙዚየም ያገኛሉ። ዕንባ ግን በምጽዋ መንገድ ከነበረችው ዛፍ በቀር ሌላ ምልክት አልነበራትም።