ዴቪድ ደንባር ቢዩክ

ዴቪድ ደንባር ቢዩክ (ሴፕቴምበር 17 ቀን 1854 – ማርች 5 ቀን 1929 እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ የፈጠራ ሰው ሲሆን የቢዩክ መኪና ኩባንያ መሥራች ነበር። ኩባንያው ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ግዙፍ ድርጅት የተመሠረተበት መሠረት ሆኗል። በስሙ የተጠሩት መኪኖች በብዙ ሚሊዮን ቢሸጡም፣ ቢዩክ ራሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከኩባንያው ወጥቶ በእርጅናው ዘመን በዲትሮይት ከተማ ደኸይቶ ሞተ። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ቢዩክ የተወለደው በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ በምትገኘው አርብሮዝ ከተማ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ ሰፈሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ ልጁ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ አባቱ ሞተ። ቢዩክ በ1869 ትምህርቱን አቋርጦ የቧንቧ ዕቃዎች በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የእጅ ሙያውንም ያዳበረው በዚያ ነው። በ1878 ካትሪን ሽዊንክ የተባለችውን ሴት አገባ። ልጃቸው ቶማስ በኋላ በመኪናው ሥራ ከአባቱ ጎን ቆሟል።

የቧንቧ ዕቃዎችና የገላ መታጠቢያ ገንዳ

በ1882 የሚሠራበት ድርጅት ሲከስር፣ ቢዩክ ከዊልያም ሸርዉድ ጋር በሽርክና ተረከበውና ቢዩክ ኤንድ ሸርዉድ ብለው ሰየሙት። ሸርዉድ የንግዱን ጎን ሲመራ ቢዩክ በአዳዲስ ፈጠራዎች ላይ አተኮረ። ከሠራቸው ነገሮች መካከል የሣር ውኃ መርጫ ይገኝበታል።

ከሁሉም በላይ ታዋቂ ያደረገው ግን ጊዛ በሚባለው ብረት ላይ ኢናሜልን አጥብቆ የሚያጣብቅበት ዘዴ ነው። ኢናሜል መስታወት መሰል ዱቄት ሲሆን፣ በጋለ ብረት ላይ ቀልጦ ሲደርቅ ነጭና የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሆናል። ብረትና መስታወት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይለጠጡ፣ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ ወይም እንዳይላቀቅ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር። ዘዴው ዝገት የማይዘው፣ በቀላሉ የሚጸዳ ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ለመሥራት አስችሏል። ቢዩክ በዚህ ሥራ ብቻ ቢጸና ባለጸጋ ሆኖ ለመኖር የሚበቃ ሀብት ነበረው።

ወደ ሞተር መዞሩ

በ1890ዎቹ የቢዩክ ሐሳብ በቤንዚን ወደሚሠራ ሞተር አዘነበለ። የቧንቧውን ሥራ ችላ በማለቱም ከሸርዉድ ጋር መስማማት አልቻለም። በመጨረሻ ድርጅቱ በ100 ሺህ ዶላር ገደማ ተሸጠ። ቢዩክ በ1899 ቢዩክ ኦቶ-ቪም ኤንድ ፓወር የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ለእርሻና ለጀልባ የሚያገለግሉ ሞተሮችን መሥራት ጀመረ። በ1902 ደግሞ ቢዩክ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያን አቋቋመ።

በዚህ ወቅት በፋብሪካው ውስጥ የተሠራው ሞተር ከዘመኑ ሞተሮች የተለየ ነበር። በዚያን ጊዜ የአብዛኞቹ ሞተሮች ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ቤንዚንና አየር የሚቃጠልበት ክፍል ወደ ጎን የተንጣለለ ስለነበር እሳቱ ቀስ ብሎ ይዳረስና ከፊሉ ሙቀት ይባክን ነበር። በቢዩክ ሞተር ግን ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ፣ በቴስታታው ውስጥ ተቀመጡ። የሚቃጠልበት ክፍል ጠባብና የተሰበሰበ በመሆኑ ቃጠሎው ፈጥኖ ይጠናቀቃል፤ አየሩም በቀጥታ ይገባል፣ ጭሱም በቀጥታ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሞተሮች የበለጠ ጉልበት ሰጠ።

ፈጠራው የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ከቢዩክ ጋር ዋልተር ማር እና ዩጂን ሪቻርድ የተባሉ ባለሙያዎች ሠርተውበታል። በ1904 የተሰጠው የፈጠራ መብትም የተመዘገበው በሪቻርድ ስም ነው። የድርሻቸው መጠን እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያከራክራል።

የኩባንያው መመሥረትና የባለቤትነት መጥፋት

በ1902 መጨረሻ ከቧንቧው ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ አልቆ ነበር። ቢዩክ ሞተሩን ማሻሻል እንጂ አምርቶ መሸጥ ላይ ስላላተኮረ፣ በእጁ የነበረው አንድ መኪና ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ የቆርቆሮ ሥራ ባለቤት የሆነው ቤንጃሚን ብሪስኮ ገንዘብ አበደረው።

በሜይ 1903 ቢዩክ ሞተር ኩባንያ በ100 ሺህ ዶላር ካፒታል ተመዘገበ። ከዚህ ውስጥ የቢዩክ ድርሻ 300 ዶላር ብቻ ሲሆን የቀረው 99,700 ዶላር ለብሪስኮና ለወንድሙ ተያዘ። ውሉ ቢዩክ 3,500 ዶላር ያህል ዕዳውን በጥቂት ወራት ውስጥ ከከፈለ ኩባንያው ሙሉ በሙሉ የእርሱ እንዲሆን፣ ካልከፈለ ግን እንዲያጣው የሚያደርግ ነበር። ቢዩክ አልከፈለም። ብሪስኮም በዚያው ዓመት ኩባንያውን በፍሊንት ከተማ የጋሪ ፋብሪካ ለሚያስተዳድረው ጄምስ ዋይቲንግና ለባልደረቦቹ ሸጠው። እነዚህ ሰዎች የጋሪ ዘመን እያለፈ መሆኑን ተረድተው የሞተር ሥራ ለመጀመር ይፈልጉ ነበር። ከዲትሮይት በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ፍሊንት ኩባንያው ሲዛወር፣ ቢዩክ በኃላፊነት አብሮ ተዛወረ።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች

በጁላይ 1904 ዋልተር ማር እና የቢዩክ ልጅ ቶማስ በፍሊንት የተሠራችውን የመጀመሪያዋን መኪና እየነዱ ዲትሮይት ደርሰው ተመለሱ። መንገዱ ጭቃና ኮረብታ የበዛበት ቢሆንም መኪናዋ ፈተናውን አለፈች። ለሽያጭ የቀረበችው የመጀመሪያዋ መኪና ገዢ ኸርበርት ሂልስ የተባለ የፍሊንት ሐኪም ነበር። ቀን ከሌሊት ወደ በሽተኛ ቤት ለሚጠራ ሐኪም ዳገት የምትወጣና በመንገድ የማትቆም መኪና ትልቅ ጥቅም ነበራት። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ከቢዩክ ዋና ደንበኞች መካከል ነበሩ።

በ1904 የተመረቱት መኪኖች 37 ብቻ ናቸው። የዋይቲንግ ገንዘብም መመናመን ስለጀመረ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር በጋሪ ንግድ የበለጸገው ዊልያም ዱራንት የኩባንያውን አመራር ያዘ። ዱራንት ከመወሰኑ በፊት መኪናዋን በመጥፎ መንገድ ላይ ደጋግሞ ሞክሯታል። በ1905 መጀመሪያ በኒው ዮርክ የመኪና ትርዒት ላይ ከ1,100 በላይ ትእዛዝ ተቀበለ። በ1908 ምርቱ ከ8 ሺህ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 16 ቀን ዱራንት በቢዩክ ስኬት ላይ ተመርኩዞ ጄኔራል ሞተርስን መሠረተ።

ከኩባንያው መውጣትና የመጨረሻ ዓመታት

ኩባንያው ሲያድግ የቢዩክ ሚና እየጠበበ ሄደ። በ1906 ገደማ ከሥራው ራሱን አገለለ፣ አክሲዮኑንም ለቀቀ። ያ አክሲዮን ቢቆይ ኖሮ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። ቢዩክ የቀረውን ገንዘብ በካሊፎርኒያ የነዳጅ ፍለጋና በፍሎሪዳ የመሬት ንግድ ላይ ቢያውለውም ሁለቱም አልተሳኩለትም። ከልጁ ከቶማስ ጋር የጀመረው የካርቡሬተር ሥራም አልገፋም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሎሬይን ሞተርስ የተባለ ኩባንያን ለአጭር ጊዜ መርቶ፣ ከዚያም ደንባር የተባለ መኪና ቢነድፍም ወደ ምርት አልደረሰም።

በመጨረሻ በዲትሮይት በሚገኝ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ጉልበቱ ሲደክም በዚያው ትምህርት ቤት በመግቢያው ላይ ለእንግዶች መረጃ የሚሰጥ ሠራተኛ ሆኖ ተመደበ። በከተማዋ መንገዶች ላይ በስሙ የተጠሩ መኪኖች ሲርመሰመሱ እርሱ መኪና ቀርቶ የቤት ስልክ ለማስገባት አቅም አልነበረውም። በ1928 ለጋዜጠኛ ሲናገር ግን ማንንም አልወቀሰም፤ ራሱንም እንደ ተሸነፈ ሰው እንደማይቆጥር ገልጿል። በማርች 5 ቀን 1929 በዲትሮይት ሃርፐር ሆስፒታል በአንጀት ካንሰር በ74 ዓመቱ አርፎ በዉድሜር መካነ መቃብር ተቀበረ።

ቅርስ

የቢዩክ ኩባንያ በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ በሼቭሮሌና በካዲላክ መካከል ያለውን ደረጃ ያዘ። ኑሯቸው የተሻሻለ ነገር ግን ሀብታም መምሰል የማይፈልጉ ቤተሰቦች ይመርጡት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ኤም 18 የተባለውን ታንክ አውዳሚ ተሽከርካሪ ሠርቷል። በ1955 ከ700 ሺህ በላይ መኪኖች አምርቶ ከአሜሪካ የመኪና ስሞች ሦስተኛ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት 3800 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ረጅም ዕድሜ ስለነበረው በባለቤቶችና በመካኒኮች ዘንድ ተመስግኗል።

ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ከኪሳራ ለመዳን ሲዋቀር ፖንቲያክን ጨምሮ የተወሰኑ ስሞችን ሲያስቀር ቢዩክ ተረፈ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ቻይና ናት። በዚያች አገር ቢዩክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ የባለሥልጣናት መኪና ሆኖ ይታወቅ ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑዪም ነበረው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሻንጋይ ሲመረት በቻይና የሚሸጠው ቢዩክ በአሜሪካ ከሚሸጠው በለጠ።

በመኪኖቹ ላይ የሚታየው የጋሻ ምልክት ከስኮትላንዳዊው የቢዩክ ቤተሰብ አርማ የተወሰደ ነው። ምልክቱ በመኪና ላይ መታየት የጀመረው በ1937፣ ዴቪድ ቢዩክ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በትውልድ ከተማው በአርብሮዝ የመታሰቢያ ሰሌዳ፣ በፍሊንት ደግሞ ሐውልት ቆሞለታል። ቫልቮችን በቴስታታው ውስጥ የማስቀመጥ ስልት ዛሬ በሁሉም የመኪና ሞተሮች ማለት ይቻላል ይሠራበታል።