ሕገ መንግሥትን ያረቀቁት ሰው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚጓዝ ሰው የጨርጨርን ደጋ ሲያቋርጥ ሂርና የምትባል ከተማ ያገኛል። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በእርጅናቸው ዘመን እርሻ እያሳረሱ የኖሩት በዚያ አገር ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በመድረሳቸው ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በሕግ በኩል የሠሩትን ነው፤ ነገሩ የኛንም ከተማ ይነካልና።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ገና ልጅ ሳሉም ራስን ተከትለው ዐድዋ ደረሱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩና በመድፈኛ ትምህርት ቤት ተምረው የጦር መኰንን ሆኑ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዚያና በዚህ መካከል ያዩት ልዩነት ዕረፍት ነሣቸው። ፋቡላ የተባለው ቴአትራቸው የጊዜውን አስተዳደር በአውሬዎች ምሳሌ ስለ ነቀፈ ታገደ። እሳቸው ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጡም፤ ጅጅጋንና ጨርጨርን በገዙ ጊዜ፣ በተለይም በጨርጨር፣ አንድ አውራጃ በሥርዓት ሊተዳደር እንደሚችል በሥራ ለማሳየት ሞከሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቁም ታዘዙ። እንደ ዋና አርአያ የወሰዱት በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳታወርድ መሠልጠኗን ያዩ የዘመኑ ምሁራን ኢትዮጵያም እንዲሁ ትሆናለች ብለው ያምኑ ነበርና። ረቂቁ ለታላላቆቹ መኳንንት በቀረበ ጊዜ ከመካከላቸው የአገር ግዛት ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ የፈለጉ ነበሩ፤ አሳባቸው ግን ተቀባይነት አላገኘም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕጉ ሲፈረም ትርጉሙን ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስረዱት ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ነበሩ።

ያ ሕግ 55 አንቀጾች ነበሩት። ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ፤ ነገር ግን የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውንም መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ ተወሰነ። መቼ እንደሚበቃና መብቃቱን ማን እንደሚመሰክር ግን አልተነገረም። ሥልጣኑ በስጦታ መልክ የመጣ ስለ ሆነ፣ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ሰጪው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንቁጠር። በ1948 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ 131 አንቀጾች ያዘ፤ ሕዝቡም በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። ያን ሕግ ለማሻሻል በሁለት የተለያዩ የፓርላማ ጉባኤያት የእያንዳንዱ ምክር ቤት የሦስት አራተኛ ድምፅ፣ በላዩም የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አገደው። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው 119 አንቀጽ ያለው ሕግ ከ4 ዓመት በላይ አልቆየም። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ 106 አንቀጾች አሉት። በ64 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሕገ መንግሥት ጻፍን ማለት ነው። የተሻሻለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለት ጊዜ ግን አሮጌውን አፍርሰን ከመሠረቱ ጀመርን። እንዲህ የሆነው የማሻሻያው በር ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ ጠመንጃ የያዘ በሌላ በር ስለ ገባ ነው።

የ1987ቱ ሕግ በሩን ለክልሎችም ከፍቷል። በአንቀጽ 105 መሠረት የመብት ምዕራፍን ለመለወጥ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፤ ለሌላውም አንቀጽ ቢሆን የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይፈለጋል። ድሬዳዋ ግን ክልል አይደለችም፤ ሕገ መንግሥቱም ስሟን አይጠራም። የምትተዳደረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ነው። ስለዚህ የራሷ ምክር ቤት በዚያ ድምፅ ውስጥ አይቆጠርም፤ የምትናገረው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በምትልካቸው ሰዎች በኩል ብቻ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የአገራቸውን ጉዳይ ተሟገቱ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመት በስደት በማዳጋስካር ኖረው ተመለሱ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው፤ የጻፉትም ሕግ የተካውም በሕይወታቸው ሳሉ አለፉ። ለኛ የተዉልን ትምህርት ይኸው ነው። ሕግ መጻፍ አንድ የተማረ ሰው ሊፈጽመው ይችላል፤ ሕግን በሥርዓት ማደስ ግን የብዙ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አንቀጽ 104ንና 105ን ለፈተና ብቻ አንሸምድዳቸው፤ የከተማችን ድምፅ የት እንደሚቆጠር እየጠየቅን እናንብባቸው።