ንጉሥ ላሊበላና የክረምቱ ውኃ

ከዛጉዌ ነገሥታት ሁሉ ስሙ ገንኖ የሚጠራው ንጉሥ ላሊበላ በላስታ፥ ሮሃ በተባለችው ስፍራ ተወለደ። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ሕፃን ሳለ የንብ መንጋ ስለ ከበበው እናቱ ንቦች ንግሡን ማወቃቸውን የሚያመለክተውን ስም አወጣችለት። ይህም በወንድሙ በሐርቤ ልብ ቅናት አሳደረ። መርዝ መጠጣቱን፥ መሰደዱንና ኢየሩሳሌምን መሳለሙን ገድሉና ትውፊቱ ይተርካሉ። ዘውድ የጫነው እ.ኤ.አ. በ1181 ገደማ ሲሆን፥ 40 ዓመት ያህል እንደ ነገሠ ይነገራል።

በስሙ ከሚታወቁት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ከእርሱ በፊት እንደ ተጀመሩ የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከሁሉ የሚደንቀው የውኃው ጉዳይ ነው። ከምድር ወለል በታች ለተፈለፈለ ሕንፃ ቀንደኛው ጠላት የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ ብቻ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ስለዚህም ለጎርፉ ማስወገጃ ቦዮች ተቀደዱለት፤ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለየውም ሰው ሠራሽ ወንዝ ዮርዳኖስ ተባለ።

ስለዚሁ ንጉሥ ሌላም ነገር ይወራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መዘገበው፥ ላሊበላ የዓባይን ገባሮች ከግብፅ ሊያዞር አስቦ፥ በመነኮሳት ምክር ተወው። ከላስታ ደጋ የሚነሣው ተከዜ ወደ ምዕራብ የሚወርድበትን ጥልቅ ሸለቆ ያየ ባለሙያ፥ ሥራው በዚያ ዘመን መሣሪያ የሚቻል እንዳልነበረ ይረዳል። ሆኖም ከወሬው በስተጀርባ እውነት አለ፤ ይኸውም የታችኛው አገር ሕይወት በላይኛው አገር ክረምት ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ተከዜ የሚገባበት አትባራ ግድብ ሳይሠራበት፥ በበጋ ወደ ኩሬዎች ይበጣጠስ ነበር፤ ጉማሬውና አዞውም በኩሬዎቹ ተጨናንቀው ጎርፉን ይጠብቁ ነበር። ዓባይ ከባሕር በሚገናኝባቸው በረሺድና በዱምያጥ ደግሞ፥ የደጋችንን ደለል ተከትሎ የሳርዲን ዓሣ በየመጸው ይሰበሰብ ነበር። የአስዋን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ጎርፉን ሲይዝ፥ የሳርዲኑ ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆለቆለ፤ ለብዙ ዓመታትም አላንሠራራም።

እኛም እ.ኤ.አ. በ2009 በተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አስመርቀናል። ግድብ አይሠራ ማለት አይደለም፤ አገር ብርሃን ይሻል። ነገር ግን የውኃውን መጠን ለክተን ወቅቱን ብንዘነጋ፥ ስሌታችን ጎደሎ ነው። ዓሣው መውለጃ ጊዜውን የሚያውቀው በጎርፉ መምጣት፥ ንቧም ማሯን የምትቀምመው ክረምቱ ባወጣው አበባ ነው።

ንጉሡ በትውፊት በቤተ ጎልጎታ እንዳረፈ ይታመናል፤ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ሰኔ 12 ቀን ታስበዋለች። ዕለቱ የክረምቱ ደጃፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ጎርፍ በዮርዳኖስ ይወርዳል፤ ቦዩም ውኃውን አሳልፎ ይሰጣል እንጂ አያስቀረውም።