ማቲው ኬሪ፤ የሁለት አገር ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። አባባሉ የሚነገረው ለጽሑፍ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው እውነቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በቀለም የሰፈረ ሐሰትም ተወራሽ ነው። ዛሬ ሳይጣራ የታተመ ወሬ ከመቶ ዓመት በኋላ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ይገኛል። ይህን የሙያችንን ዕዳ በሕይወታቸው ካሳዩን ሰዎች አንዱ በአየርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የሞተው ጋዜጠኛ፣ አሳታሚና የታሪክ ጸሐፊ ማቲው ኬሪ ነው። የኬሪ ታሪክ ሌሎችን ባረመበት ሥራው ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ በታረመበትም ስሕተት ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬሪ ጃንዋሪ 28 ቀን 1760 በደብሊን ከተማ ከአንድ የካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ሲሆን ለሠራዊቱ ስንቅ በማቅረብ ኑሮውን አደላድሎ ነበር። ማቲው ገና ሕፃን ሳለ ሞግዚቱ ስለጣለችው እግሩ ተጎድቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ። ከእኩዮቹ ጋር እንደ ልቡ መሯሯጥ ያልቻለው ልጅ ለንባብ ያደረ ሆነ፤ አባቱ ባይወድለትም የኅትመትና የመጻሕፍት ንግድ ሙያ ለመማር ከአንድ አሳታሚ ዘንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1777 በጋዜጣ ያወጣው የመጀመሪያ ጽሑፉ፣ ክብሬ ተነካ የሚሉ ሰዎች ቀጠሮ ይዘው በሽጉጥ የሚተኳኮሱበትን የዘመኑን ልማድ የሚነቅፍ ነበር።

በዚያን ጊዜ አየርላንድ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ነበረች። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ካቶሊክ ቢሆንም፣ የቅጣት ሕጎች በመባል የሚታወቁት ድንጋጌዎች ካቶሊኮችን ከምክር ቤት አባልነት፣ ከመንግሥት ሹመትና ከመምረጥ መብት አግደዋቸው ነበር። ኬሪ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው እነዚህ ሕጎች በአስቸኳይ እንዲሻሩ የሚጠይቅ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ። ማስታወቂያው ገና እንደ ወጣ የተቆጡት ገዢዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ በልመናና በትዕግሥት መብት እናገኛለን ብለው የሚያስቡት የካቶሊክ መሪዎችም ደንግጠው ጸሐፊውን ለሚጠቁም ሰው ወሮታ እስከ መስጠት ደረሱ። ቤተሰቡ ልጁን በስውር ወደ ፈረንሳይ ሰደደው። በዚያም የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ በፓሪስ አጠገብ በፓሲ ባቋቋመው አነስተኛ ማተሚያ ቤት ሥራ ሰጠው። ከላፋዬት ጋርም የተዋወቀው በዚሁ ጊዜ ነው።

ኬሪ ወደ ደብሊን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1783፣ ከአባቱ ባገኘው ገንዘብ፣ ቮለንቲርስ ጆርናል የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። የጋዜጣው ብዕር ለሹማምንት የማይራራ ነበር። በ1784 ጸደይ በምክር ቤቱና በአባሉ በጆን ፎስተር ላይ ባወጣው ብርቱ ነቀፋ ተይዞ፣ የምክር ቤቱ ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ በኒውጌት ወኅኒ ታሰረ። ከእስር ቢፈታም የስም ማጥፋት ክሱ ስላልተዘጋ፣ በሴፕቴምበር 1784 የሴት ልብስ ለብሶ በመርከብ ተሳፈረ። ፊላዴልፊያ ሲደርስ የ24 ዓመት ወጣት፣ ዘመድ የሌለው ባዕድ ነበር። በዚያው ሰሞን አሜሪካን ይጎበኝ የነበረው ላፋዬት መምጣቱን ሰምቶ 400 ዶላር ላከለት። ስጦታ እንጂ ብድር አልነበረም፤ ኬሪ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ባለውለታው ሀብቱን አጥቶ አሜሪካን ዳግመኛ ሲጎበኝ፣ ገንዘቡን መለሰለት።

በዚሁ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1785 የፔንሲልቫኒያ ሄራልድን ጀመረ። ጋዜጣው ከሌሎች ልቆ የወጣው ኬሪ በግዛቲቱ ምክር ቤት ተቀምጦ የአባላቱን ክርክር በእጁ እየጻፈ ማውጣት በጀመረ ጊዜ ነው። አንባቢው ወኪሎቹ በስሙ የሚናገሩትን ለማወቅ የነበረውን ጥማት አስቀድሞ ተረድቶ ነበር። ነገር ግን የፖለቲካው ጠብ እርሱንም አልማረውም። በ1786 ከተቀናቃኝ ጋዜጣ አዘጋጅ ከኮሎኔል ኤሊዛር ኦስዋልድ ጋር በሽጉጥ ተገጣጥሞ ጭኑን ቆሰለ፤ ለመዳንም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። በወጣትነቱ የነቀፈውን ልማድ በገዛ ደሙ ከፈለው ማለት ይቻላል።

ከ1787 እስከ 1792 ያዘጋጀው አሜሪካን ሙዚየም የተባለው መጽሔት፣ አዲሲቱ አገር ስለ ሕገ መንግሥቷ የተከራከረችባቸውን ጽሑፎች እየሰበሰበ ያሳተመ ነው። ጆርጅ ዋሺንግተን ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። መጽሔቱ ትርፍ አላስገኘለትም፤ ሰነድን የማሰባሰብና የማመሳከር ልምድ ግን አተረፈለት። በ1790 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአየርላንድ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1793 በፊላዴልፊያ ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። ባለጸጎችና ሹማምንት ከተማዋን ጥለው ሲሸሹ፣ ኬሪ ከንቲባው ባቋቋመው የእርዳታ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ አገለገለ። ወረርሽኙ ገና እንዳበቃም ስለ መቅሠፍቱ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም አራት ጊዜ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከጥቁሮቹ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ በአስታማሚነት ስም ከሕመምተኞች ከፍ ያለ ዋጋ እንደ ጠየቁና የሕሙማንን ቤት እንደ ዘረፉ ጻፈ። መሪዎቻቸውን አብሳሎም ጆንስንና ሪቻርድ አለንን በስም አመስግኖ ነበር፤ ነቀፌታው ግን በሕዝባቸው ላይ ወደቀ።

ጆንስና አለን እ.ኤ.አ. በ1794 የራሳቸውን ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው መለሱ። መልሳቸው በስድብ ላይ የቆመ አልነበረም። የተቀበሉትንና ያወጡትን ገንዘብ ዘርዝረው፣ ሙታንን በመቅበርና አስታማሚ በመቅጠር ወጪያቸው ከገቢያቸው እንደሚበልጥ አሳዩ። ጥቁሮችን በሽታው አይነካቸውም የተባለውንም ከሟቾች መዝገብ አፈረሱት፤ በ1792 ከወገኖቻቸው የተቀበሩት 67 ሲሆኑ፣ በ1793 ግን 305 ነበሩ። ሌሎቹ ሲሸሹ ሕሙማኑን ያነሡት እነማን እንደ ነበሩም አስታወሱ። ኬሪ ነቀፌታ ሲደርስበት ራሱን ለመከላከል ጻፈ እንጂ በደሉን በግልጽ አላመነም።

ኬሪ በአሜሪካ የፖለቲካ ታሪክ ላይ የጻፈው ዋነኛ መጽሐፍ፣ የወይራ ቅርንጫፍ የሚል ትርጉም ያለው ዘ ኦሊቭ ብራንች፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1814 ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ላይ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ኦገስት የእንግሊዝ ጦር ዋሺንግተን ገብቶ የመንግሥቱን ሕንፃዎች አቃጥሎ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ደግሞ ከኅብረቱ የመገንጠል ሐሳብ ይሰማ ነበር። ኬሪ የጄፈርሰንና የማዲሰን ወገን ቢሆንም፣ ጥፋቱን በሁለቱም ወገን አሳየ። ተቃዋሚዎቹን ፌዴራሊስቶች አገር በመከፋፈል ሲከስ፣ የራሱን ፓርቲ ደግሞ በ1811 የብሔራዊ ባንኩን ፈቃድ ባለማደሱና ሳይዘጋጅ ወደ ጦርነት በመግባቱ ወቀሰ። ክሱን ያቆመው በምክር ቤት ድምፅ አሰጣጥ መዝገቦች፣ በይፋ ሰነዶችና በንግድ አኃዞች ላይ ነው። መጽሐፉ እስከ 1818 ድረስ አሥር ጊዜ ታተመ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ታሪክ ተመለሰ። እንግሊዛዊው ዊልያም ጎድዊን እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ የ1641ን የአየርላንድ አመፅ እንደ ተወረሰው ታሪክ አድርጎ መሣሉ ኬሪን አስቆጣው። የዚህ ታሪክ ምንጭ የአየርላንድ ከፍተኛ ሹም የነበረው ሰር ጆን ቴምፕል በ1646 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቴምፕል ካቶሊኮች 300,000 ያህል ፕሮቴስታንቶችን እንዳጠፉ ጽፎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎችም እየተቀባበሉ ጻፉት። ቂሙም ለክሮምዌል ዘመቻና ለመሬት መነጠቅ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1819 ቪንዲኪዬ ሂበርኒኬ በተባለው መጽሐፉ የባላጋራዎቹን ጽሑፎች ጎን ለጎን አቅርቦ እርስ በርስ አጋጫቸው፤ የተባለው የሟቾች ቁጥር በዚያን ዘመን በአየርላንድ ከነበሩት ፕሮቴስታንቶች ሁሉ እንደሚበልጥም አስረዳ።

በዋናው ነገር ተረትቶ አልቀረም። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች የተገደሉትን በሺዎች እንጂ በመቶ ሺዎች አይቆጥሩም። ነገር ግን ኬሪ ወገኑን ነጻ ለማውጣት ካለው ጉጉት የተነሣ፣ የአመፁን ሤራ ፈጽሞ ፈጠራ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የተጠበቁት ወደ 8,000 የሚደርሱ የምስክርነት ቃሎች ግን፣ ከግነቱና ከወሬው ጋር፣ እንደ ፖርታዳውን ያሉ እውነተኛ እልቂቶችንም ይዘዋል።

በመጨረሻ ዘመኑ የንግድ ሥራውን ለቤተሰቡ ትቶ፣ በስፌት የሚተዳደሩ ሴቶች የሚከፈላቸው ደመወዝ ከረሃብ እንደማያድን በአኃዝ እያሳየ ይጽፍ ነበር። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1839 በ79 ዓመቱ በፊላዴልፊያ ዐረፈ።

ኬሪ በ1819 በቴምፕል ላይ ያዞረውን መሣሪያ፣ ጆንስና አለን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በእርሱ ላይ አዙረውት ነበር፤ ሒሳብ፣ መዝገብና የሟቾች ቁጥር። ስለ ወገኑ የተጻፈውን ሐሰት ለማፍረስ ብዙ የደከመው ሰው፣ ስለ ሌላው ወገን የሰማውን ሳያጣራ ጽፎ አለፈ። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው የኬሪን መጽሐፍ ሲገልጥ የእነርሱንም አብሮ ይገልጣል። ሐሰቱ ሲወረስ እርማቱም አብሮ የተወረሰው፣ ሁለት ሰዎች በጊዜው ብዕር ስላነሡ ነው።