ኦቶ ሽሚትና የሁለቱ ደፎች ዘዴ

ኤሌክትሮኒክስ ስንማር ስሙ ይጠራል፤ ሕይወቱ ግን እምብዛም አይነገርም። ኦቶ ኸርበርት ሽሚት በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ፍራንሲስ የታወቀ የባዮሎጂ ሊቅ ነበር። ኦቶም እዚያው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን፣ ሒሳብንና የእንስሳት ጥናትን አጣምሮ ተማረ።

ጥናቱ ያተኮረው ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ ነበር። ነርቭ በጥቂቱ ሲነኩት ዝም ይላል፤ ቅስቀሳው ከተወሰነ ደፍ ሲያልፍ ግን በሙሉ ኃይሉ መልእክት ይልካል። ግማሽ መልስ አያውቅም። ወጣቱ ይህን ጠባይ የሚመስል ነገር በሬዲዮ ቫልቮች ለመሥራት ተነሣ። በ1934 ገና ተማሪ ሳለ ተሳካለት። ዛሬ ሽሚት ትሪገር የምንለው ይኸው ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ሲጨልም በራሱ የሚበራ የመንገድ መብራት አለ እንበል፤ ጨለማው ሲጨምር ቮልቴጁ ከፍ ይላል። መብራቱ የሚበራውም የሚጠፋውም በ2.5 ቮልት ላይ ቢሆን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከጉና በኩል ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ብልጭ ድርግም ሲል ያመሻል። በሽሚት ዘዴ ግን ደፉ ሁለት ነው፦ ለመብራት 3 ቮልት መድረስ፣ ለመጥፋት ከ2 ቮልት በታች መውረድ አለበት። በመካከል ቢዋዥቅ የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይቆያል። ምስጢሩ ከመውጫው ጥቂቱን ወደ መግቢያው መመለስ ነው፤ የበራው ራሱን ይደግፋል ማለት ነው። ይህ ጠባይ ሂስተሪሲስ ይባላል።

ሽሚት በ1937 ዶክትሬቱን አገኘ፤ በ1938 ሥራውን አሳተመ። ከ1939 ጀምሮ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምርና ሲመራመር አሳለፈ። ከሕያዋን ተምሮ መሣሪያ የመሥራትን ጥበብ ባዮሚሜቲክስ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። በ1998 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ቫልቭ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተር በቺፕ ተተካ፤ ሐሳቡ ግን አላረጀም። 7414 በምትባል አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስድስት ሽሚት ትሪገሮች አሉ።

ጓደኞቼ ዕጩ መምህራን! ከመካከላችን ባዮሎጂ የመረጠው ፊዚክስን፣ ፊዚክስ የመረጠው ባዮሎጂን አይመለከተኝም ሲል እንሰማለን። ሽሚትም እንዲህ ቢል ኖሮ ከነርቭ ተነሥቶ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ነገ ክፍል ስንገባ በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ግንብ አንሥራ፤ ተማሪው ሊያልፈው የሚችል ደፍ ይበቃል።