ዓፄ ቴዎድሮስና ባሩድ

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ቃጠሎ ስንማር አንድ ጓደኛችን፣ አየር በማይገባበት የመድፍ ሆድ ውስጥ ባሩድ እንዴት ይነዳል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ወደ ቋራው ካሳ ወሰደን።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጦር ጋር ገጥመው ጀግንነት ለመድፍ አልበቃምና ተሸነፉ። ያቺን ቀን የረሷት አይመስለንም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። መድፍን ከውጭ መለመን ሳይሆን አገር ውስጥ ማሠራት ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሰፈሩትን የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለ እጆች፣ እኛ መድፍ አናውቅም ቢሉም አስገደዷቸው። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከቅልጡ ወጣ።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። ኦክስጅኑን ናይትሬቱ ይዞት ስለሚገባ የውጭ አየር አያስፈልገውም። መድፉ መጀመሪያ ባሩዱን፣ ቀጥሎ አረሩን በአፉ ይጎርሳል። ከኋላው ባለችው ጠባብ ቀዳዳ እሳት ሲሰጠው በቅጽበት የጋለ ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙም መውጫ ሲያጣ አረሩን ገፍቶ ይወረውረዋል። ከግማሽ የሚበልጠው ባሩድ ግን ጋዝ ሳይሆን ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። መጠኑ ካለፈ ደግሞ ብረቱ ራሱ ይሰነጠቃል።

እኛ እንጅባራ ተቀምጠን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. እዚሁ እንጅባራ የተድላ ጓሉን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ምርኮኛውን በብዛት አስፈጅተዋል። የሚያደንቃቸውም ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ በሰው ጉልበት ማስጎተት ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ጠረጉ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነበራቸው፤ የኛ ሰው አንዱን በአፈሙዝ አጉርሶ እስኪጠቀጥቅ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ከንጉሡ መድፎች አንዱም ከልክ በላይ ጎርሶ ኖሮ ሲለኮስ ፈነዳ። 700 ያህል ወገን አለቀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ሙያውም አብሮ ሄደ። እኛን የቆጨን ይሄ ነው። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ አናት ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።